የሀብተ ሥላሴ ሞተር መተንፈሻ

ታኅሣሥ 24

ደብረ ወርቅን አልፎ ባለው አቀበት ላይ የአልፋው መኪና የዘይት መለኪያ ዘንግ ከቀዳዳው ተስፈንጥሮ ወጣ።

ዘይቱ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተረጭቶ ጨሰ። እህቴ ጥሩአየሁ ወርዳ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኮፈኑን ከፍቼ ጭሱ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ ዘንጉን መልሼ ሰካሁት። ትንሽ እንደሄድን እንደገና ወጣ።

«ስንተኛ ጊዜው ነው?» አለች።

«ዘንጉ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።»

«ስለ ዘንጉ ማን ጠየቀህ? መንገድ ላይ ስትጥለኝ ስንተኛህ ነው?»

ሦስተኛዬ ነው።

እህል የጫነ አይሱዙ ቆመላት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ሾፌሩና ረዳቱ ደግፈው አሳፈሯትና ወደ ሞጣ፣ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ አልፋውን አዙሬ ቁልቁል፣ በቀስታ... ወደ ቢቸና። ግቢ ስገባ ከሞተሩ ኋላ ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። እሱ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ 25

ጠዋት ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«ከማሉዲን ሞተር አለው።»

ከማሉዲን ሞጣ ላይ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ጋራዥ አለው። ሞተሩ ከተገለበጠ ኮሮላ የወረደ ነው። አስተካክሎ ይገጥመዋል። የአልፋውን አሮጌ ሞተር ደግሞ ይወስደዋል።

«ወስዶ ምን ያደርገዋል?»

«አልሙኒየም ነው አለ። አቅልጠው ድስት ለሚሠሩት ይሰጣቸዋል።»

«የሀብተ ሥላሴን ሞተር? ለድስት?»

«ሀብተ ሥላሴ ሞቷል፣ አንተ ሰማው። ያሉት እናቱ ናቸው።»

እውነቷን ነው። የባሏ እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ መርጡለ ማርያም ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ከአልጋ አይወርዱም። በየሁለት ሳምንቱ ሄዳ የምታጥባቸው፣ ልብስ የምትለውጥላቸው ጥሩአየሁ ናት። አውቶቡሱ አንዳንድ ሳምንት ሞልቶ ያልፋል፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም። መኪናውን የምትፈልገው ለዚህ ነው። ደግሞም የእሷ ነው። ባሏ ሲሞት እኔ ግቢ የገባው ቦታ ስላለኝ ብቻ...

ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? ሀብተ ሥላሴ በወጣትነቱ አስመራ ላይ ውድድር የነዳ ሰው ነበር። ያንን ሞተር በገዛ እጁ ስንት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። አጠገቡ ቆሜ ብሎን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ስለ ውድድሩ ብዙ አያወራም ነበር፤ ስለ ሞተሩ ግን ከጀመረ አያቆምም። ድስት ሆኖ ሽሮ ሲንተከተክበት... አይ።

«እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሞክር» አለች። «ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።»

ታኅሣሥ 28

መካኒኩ ሰጠኝ ካምቢዮውን አውርዶ ከሞተሩ ኋላ ያለውን የዘይት ማገጃ ጎማ ቀየረ። ከክረምት ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ጎማው ፎርጅድ ነው ጋሼ። አሁን የሚመጣው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«የመጀመሪያውም ፎርጅድ ነበር አልከኝ።»

«ነበራ።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱማ የባሰ!»

ሦስቱንም የገዛሁት ከተለያየ ሱቅ ነው፤ አንዱን አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ነው ያስመጣሁት። ሦስቱም ፎርጅድ? ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ምስክር አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር ሁሉም ውሸታም ነው ከማለት በፊት የጠየቅኩትን ጥያቄ ማየት ይሻላል። ጎማው ለምን ያፈሳል ብዬ ነው የጠየቅኩት። ማን ይገፋዋል ብዬ አልጠየቅኩም።

ነገ ገና ነው። ጥሩአየሁ አልደወለችም።

ጥር 1

ከተማውን ዞሬ መጣሁ። ያፈሳል።

ጥር 4

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለበለዚያ ንዴቱ ያዛባብኛል።

ሰጠኝ መጣ። ሞተሩን አስነሣና የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፈተ። ጭስ ፑፍ፣ ፑፍ እያለ ወጣ። እጁን ጠረገ። ቢቸና ውስጥ ባለሙያ ሁሉ ይህን ካየ ሌላ አያይም።

«ፋሻ ጨርሷል ጋሼ። አለቀ።»

ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከቡትን የብረት ቀለበቶች ነው። እሳቱ ከፒስተኑ በላይ እንዲቀር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሲያረጁ ጋዙ በጎናቸው ሾልኮ ታች ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል።

«አዲስ ሞተር ላይስ ምንም አያመልጥም?» አልኩት።

«ከአዲሱም ያመልጣል። ትንሽ።»

«ያ ትንሹ ታች ከወረደ በኋላ የት ይሄዳል?»

«ይወጣል።»

«በየት?»

«በመተንፈሻው ነዋ!»

«የዚህ ሞተር መተንፈሻ የቱ ነው?»

አሳየኝ። ከሞተሩ ራስ ተነሥቶ ወደ አየር ፊልትሮው የሚሄድ አውራ ጣት የሚያህል ቱቦ ነው። ከፊልትሮው ተነቅሏል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎ በሽቦ ታስሯል።

«ይኼን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ ኮራ ብሎ። «አቧራ እንዳይገባበት። ወፍጮ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ሰጠኝ ሙያውን የተማረው ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ዱቄቱ አየሩን ሞልቶት ይውላል፤ መተንፈሻው ላይ ስስ ጨርቅ ካልታሰረ ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሊጥ ይሆናል። ጥሩ ልማድ ነው። ግን...

«ጨርቁን ታጥቡታላችሁ?»

«ባለወፍጮዋ በየሳምንቱ ታጥበዋለች።»

«የእኔን ማን ሊያጥብልህ ነው ያሰርከው?»

ሳቀ። «እርስዎ ነዎታ ባለወፍጮው።»

ሽቦውን ቆርጦ ጎተተው። ጨርቅ አልነበረም። ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ጫማ ሶል መስሏል። ሞተሩ ከክረምት ጀምሮ አፍና አፍንጫውን ተይዞ ነበር ማለት ነው። መውጫ ያጣው ጋዝ ጎማውን ገፍቶ ወጣ። ጎማው በተቀየረ ቁጥር ሌላ መውጫ ፈለገ። በመጨረሻ ዘንጉን ነቀለ።

ሦስት ጊዜ ካምቢዮ አውርደናል! በአንድ ጨርቅ!

ጥር 5

ቱቦው ፊልትሮው ላይ ተመለሰ። ዘንጉ ከቦታው አይነቃነቅም። ከኋላ ጠብታ የለም። ከሰዓት ድረስ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥር 7

ደስታው ይህን ያህል ነው። ቱቦው ከጋዙ ጋር ዘይት ተሸክሞ መጥቶ ፊልትሮውን አጠበው። እሳት ጫሪዎቹ ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰዋል። ሞተሩ ያስላል። ሰጠኝ ካንዴላዎቹን በመዳፉ ደርድሮ አሳየኝ።

«አላልኩም? ፋሻ ነው። ጨርቁ እኮ በከንቱ አልተወተፈም።»

አሳዛኙ ነገር ሁለታችንም እውነት አለን። መውጫው ተዘግቶ ነበር። የሚወጣውም በዝቷል። በየትኛው ልናደድ?

ጥር 8

ቱቦውን ከፊልትሮው ነቅዬ ወደ መሬት አወረድኩት። ሜዳ ላይ ይተንፍስ። ካርቡራቶሮቹ ደረቁ፤ ሞተሩ ሳል አቆመ። ይህን ቀላል ነገር እስከ ዛሬ ማንም እንዴት አላሰበውም?

ጥር 11

ለምን እንዳላሰቡት ገባኝ።

ጥሩአየሁ ለጥምቀት በአውቶቡስ መጣች። ትናንት ከመናኸሪያ ላመጣት ሄድኩ። ከታች የሚወጣው ጭስ በወለሉ ቀዳዳ እየገባ መኪናው ውስጥ ተጠራቀመ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። መስኮት ከፈትን፤ ባሰ። ቤት ሳንደርስ አቁምልኝ ብላ ወርዳ ባጃጅ ያዘች። የራሷን መኪና ጥላ፣ ባጃጅ!

ዛሬ ደግሞ ታቦት ሲመለስ ከሰልፉ ኋላ በቀስታ እየነዳሁ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ከሥሬ ይጎተታል። ከሚዘፍኑት ጎረምሶች አንዱ ዞር ብሎ፦

«አባባ፣ ዕጣኑ በቅቶናል! ቄሶቹ ይዘዋል!»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ጎን ወደሚገኝ ቅያስ ገብቼ አጠፋሁት።

ማታ ራት ላይ ጥሩአየሁ፦ «ሞተር ነው ወይስ ታቦት ያስቀመጥከው? ሰው አይነካው፣ ሰው አያየው፣ ሰው አይሳፈርበት...»



ጥር 14

«በዝቷል» ማለት ምን ማለት ነው? ስንት ነው ብዙ? አርባ ዓመት ጋዜጣ ላይ «ብዙ ሕዝብ ተገኘ» የሚል ዜና ሳይ ስንት ሰው ብዬ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሰጠኝ ዘዴ አለው። የቱቦው ጫፍ ላይ ባዶ ፌስታል ይታሰራል። ሞተሩ በዝግታ ይሠራል። አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ፌስታሉ ጸሎቱ ሳያልቅ ከሞላ ፋሻው ታሟል፤ ካልሞላ ደኅና ነው። ወፍጮ ቤት እንዲህ ነው የሚለኩት፤ ሰዓት ማን ያያል፣ እጅ ሁሉ ዘይት ነው።

እሱ ፌስታሉን ያዘ፤ እኔ ደገምኩ። «ሲሳየነ» ከማለቴ ፌስታሉ እንደ ፊኛ ተወጠረ።

«ሰሙ?» አለኝ። ምኑን እንደሰማሁ እንጃ።

ጥር 16

ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን አበደረን። ካንዴላ በየተራ እየፈታን፣ ፒስተኑን ላይ አድርሰን በቀዳዳው አየር ነፋን። ጆሮዬን ዘይት መጨመሪያው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። አንደኛው ሹክ ይላል። ሁለተኛውና አራተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ግን... ከምንጣፍ ሥር እንደተረገጠ እባብ።

ስለዚህ ሞተሩ አላለቀም። ከአራቱ አንዱ ነው የታመመው። ይህን ለማወቅ ከክረምት እስከ ጥር!

«ባለቤቱ ከሞቱ ወዲህ ቆሞ ከርሟል» አለ ሰጠኝ። «ፋሻው ተጣብቆ ይሆናል። ላምባና ዘይት ቀላቅለን እናጠጣውና ይሰንብት።»

አጠጣነው።

ጥር 18

መንገድ ዝግ። ኔትወርክ የለም። ሞተሩ ላምባውን ይጠጣል፤ እኔ እጠብቃለሁ።

ጥር 20

ጨመርንበት። መጠበቅ ነው።

ጥር 23

ተሻለው!

አስነሣነው፤ ላምባው ነጭ ጭስ ሆኖ እስኪያልቅ ጎረቤት ሁሉ አሳለ። ከዚያ ፌስታሉን እኔ ያዝኩ፣ ሰጠኝ ደገመ። ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ሲል ፌስታሉ ገና ልፍስፍስ ነበር።

ኔትወርክ ተመልሷል። ወዲያው ጥሩአየሁ ጋ ደወልኩ።

«በግማሽ ቀንሷል! ከግማሽም በላይ!»

«እውነት?»

«በዓይኔ አየሁ።»

«ተመስገን። እንግዲያው ለከማሉዲን ልንገረው፣ ሞተሩን ለሌላ ሰው ይስጠው። አምበር ከተማ የሚፈልገው ሰው አለ ብሎኝ ነበር።»

«ንገሪው።»

ጥር 25

አልቀነሰም።

ትናንት ወደ ደብረ ወርቅ መውጫ ነድቼው ነበር። ጭሱ ያው። ከኋላ የነበረ ባጃጅ መብራት ብልጭ አድርጎ አለፈኝ። ተሻለው ያልኩት ምኑ ነው? ዛሬ ሰጠኝን ጠርቼ እንደገና ለካን። እሱ ደገመ፤ ፌስታሉ አልሞላም። «ይኸው!» አለ። አሁን እኔ ልድገም አልኩ። «ሲሳየነ» ላይ ጢም አለ።

ተያየን።

«አንተ እስቲ ድገም። ያለ ፌስታል።»

ደገመ። ከጀመረ... አለቀ። ልጅ ሆኖ ደብረ ወርቅ ዲያቆን ነበር፤ ፊደል ለፊደል ሳይሆን ትንፋሽ በትንፋሽ ነው የሚያወርደው። እኔ እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው የምደግመው፤ በየሐረጉ ቆም እያልኩ።

«ጋሼ፣ እንዲህ እየተጎተቱ ይጸልያሉ እንዴ? እግዜሩ አይሰለችም?»

«አንተስ ምን አሳደደህ?»

የመጀመሪያውን የለካነው በእኔ አቡነ ዘበሰማያት ነው። ሁለተኛውን በእሱ። የተለወጠው ፋሻው አይደለም፤ ደጋሚው ነው። በስልኬ ሰዓት ይዘን ደጋገምነው። ያው፣ ያው፣ ያው።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጥሩአየሁ ለከማሉዲን ነግራዋለች።

ጥር 26

እርማት የሚወጣው ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ ነው ስል ኖሬያለሁ። ስለዚህ ደወልኩ።

«ከሦስት ቀን በፊት ቀንሷል ያልኩሽ ስሕተት ነው። አልቀነሰም። የለካነው በተሳሳተ መንገድ ነው።» ምክንያቱንም ነገርኳት።

 

«በአቡነ ዘበሰማያት?»

«በአቡነ ዘበሰማያት።»

«አንድ ትልቅ የጋዜጣ ሰውና አንድ ጎልማሳ መካኒክ።» ቀጠለች፦ «በል የከማሉዲንን ሞተር ራስህ አስቀር። እኔ ሽጠው አልኩት፣ ተመልሼ አትሽጠው ስል አፍራለሁ።»

ዘጋችው።

ጥር 27

እንዲጠፋልኝ የምመኘውን ሞተር እንዳይሸጥ ለመለመን ደወልኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ኪዳነ ምሕረት ደርሶ የእኔ ካልሠራ፣ የእሱም ካልኖረ፣ እማሆይ ጋ ማን ይሄዳል?

«ጋሽ ሰማው?» አለ ከማሉዲን። «እርስዎ ነዎት? ስልክ ተሳስተው እንዳይሆን።»

«አልተሳሳትኩም። የኮሮላው ሞተር አለ?»

«የአምበሩ ሰውዬ ቅዳሜ ሊወስድ ነው። ምነው?»

«አትሽጠው። እስከ ኪዳነ ምሕረት አቆይልኝ።»

«ባለፈው በዚህ ስልክ ‹ድስት ሠሪ› ብለው የሰደቡኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

ሳቀ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የጸሎቱ ነገር ላይ ስደርስ ሳቁን ሊያቆም አልቻለም።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኛም ፋቲሃ ብንቀራበት ያው ነው። የአባቴና የእኔ አይገናኝም። ይሁን፣ ለአምበሩ ሰው ሌላ እፈልግለታለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ሦስተኛው ውስጥ ፋሻው ተጣብቆ ሳይሆን ግድግዳው ተጭሮ ከሆነ ላምባ ቢያጠጡት፣ ጠበል ቢያጠጡት አይመለስም።»

እኔም እንደዚያ ማሰብ ጀምሬያለሁ። መክፈት? ከከፈትን የሚተካ ፒስተን የለም፣ የሚተካ ግድግዳ የለም፤ ይህ ሞተር አገር ውስጥ ስንት ወንድም ቀርቶት ይሆን? ከተከፈተ ተከፍቶ ይቀራል።

የካቲት 3

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ማዳን ካልተቻለ፣ ሳያፍኑትም ሳያስነጥሱትም አብሮ መኖር ይቻላል?

ከጋዙ ጋር የሚመጣው ዘይት ነው ካንዴላውን የሚያቆሽሸው። ጋዙ ብቻውን ፊልትሮው ውስጥ ገብቶ ቢቃጠል ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሽታውም እኛ ጋ አይመጣም። ችግሩ ሁለቱን መለየት ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ወሰድን። አንድ ቱቦ ከሞተሩ ያስገባል፣ ሌላው ከጣሳው ራስ ወደ ፊልትሮው ያወጣል። መሐሉ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ተሞላ። ጋዙ በሽቦው ሲሽሎከሎክ ዘይቱ ተይዞ ታች ይቀራል። ሽቦው ተቆርጦ ወደ ካርቡራቶር እንዳይሄድ ሰጠኝ መውጫው ላይ ወንፊት አደረገበት። ክዳኑ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥርቅም አለ።

የመጀመሪያው ጣሳ ብየዳው ላይ ተበሳ። ሁለተኛው ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ሦስተኛውን ከሞተሩ ክፍል ግድግዳ ጋር አሰርነው። ሰጠኝ መሬት ላይ ተቀምጦ፦

«ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሽቦ የት አደረስከው ትላለች።»

የካቲት 5

ሠራ። ከታኅሣሥ ወዲህ ያልሄድኩበትን አቀበት ወጣሁት። ዘንጉ ቦታው ነው። ካንዴላው ጤነኛ ቡናማ ነው። ጣሳውን ስከፍት ከታች የተጠራቀመው ግማሹ ዘይት፣ ግማሹ እርጎ የመሰለ ውኃ። ይህ ሁሉ ቀድሞ ሳንባው ውስጥ ነበር።

የታመመው ግን እንደታመመ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ያፏጫል።

ለጥሩአየሁ ደወልኩ። «ነይና ራስሽ እይው» ብቻ ነው ያልኩት። ተሻለው አላልኩም።

የካቲት 7

በአውቶቡስ መጣች። ነገ ቅበላ ነው፤ ሰኞ ጾም ይገባል። ቅበላውን ከእማሆይ ጋር ማሳለፍ ትፈልጋለች። ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋት።

«ይኼ ጣሳ ምንድን ነው?»

ነገርኳት።

«ስለዚህ አልዳነም።»

«አልዳነም።»

«ግን ይሄዳል።»

«እስካሁን ሄዷል። አይቆምም ብዬ አልምልልሽም። በሄድሽ ቁጥር ዘይቱን መለካት፣ ጣሳውን መድፋት አለብሽ። ከዓመት ዓመት ይብስበታል።»

«እንደኔ ጉልበት በለኛ።» ጣሳውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። «ይህንን በታኅሣሥ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«በታኅሣሥ አላውቅም ነበር።»

«አላውቅም ማለትም ይቻል ነበር።»

እጇን ዘረጋች። ቁልፉን። እኔ ልንዳልሽ አልኩ። ሰጠኝ፣ አጠገባችን ቆሞ፦ «እትዬ፣ ብቻዎን? መንገዱ...»

«ልጄ፣ በዚህ መኪና ሀብተ ሥላሴ ጎን ተቀምጬ ስሄድ ቆይቼ፣ እሱ ሲደክመው የነዳሁት እኔ ነኝ። ማርሹ የት እንዳለ አይጠፋኝም።»

መቀመጫውን ወደፊት ሳበች። ወጣች። በሩ ላይ ሆነን አቧራውን አየን። ሰማያዊ አልነበረም።

የካቲት 8

«ደረስኩ» አለች፤ ከመርጡለ ማርያም ነው።

«አቀበቱ?»

«ወጣሁት።»

«ዘንጉ?»

«ኮፈን ስከፍት እውላለሁ እንዴ? እማሆይን ገላ አጥቤ እየቀባኋቸው ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ‹ልጄ መጣ› አሉ። አልመጣም አልኳቸው። ደህና ዋል።»



የካቲት 12

ከማሉዲን ደወለ። የረመዳን ጾም ይዟል፤ ድምፁ ደከም ብሏል። እኔም የእኛን ይዣለሁ።

«እትዬ ጥሩአየሁ ትናንት ሱቄ ቆመው ነበር። ጣሳዋን አየኋት።»

«እና?»

«ግማሽ ልቤ የሚሄድ ሞተር ለምን ይወርዳል ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ዕቃህን ሽጥ ይለኛል። የትኛውን ልስማ?»

«እሷን ስማ።»

«ምን ይላሉ ብዬ እኮ ነው እርስዎ ጋ የደወልኩት!»

«ከእኔ የሚጠየቅ የለም፣ ከማሉዲን። አውርደው ካለችህ ሞጣ መጥቼ ብሎኑን ራሴ እፈታልሃለሁ። የትኛው ብሎን የት እንደሚሄድ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከዚያ ድስት ሠሪ አይሉኝም?»

አላልኩትም። አልስቅም ብዬ ሳቅኩ።

የካቲት 14

ግቢው ባዶ ነው። አልፋው የቆመበት መሬት ላይ አሮጌ የዘይት እድፍ አለ፤ አዲስ የለም።

ከሰዓት ጥሩአየሁ ደወለች። የጣሳውን ሽቦ በምን እንደምታጥበው ጠየቀችኝ። በቤንዚን፣ ከዚያ በሳሙና፣ ሳይደርቅ አትመልሺው አልኳት።

«ዘይቱን ለካሁት» አለች።

«ስንት ጎደለ?»

«እሱን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቀድሞ ቢሆን አሁን ጎትቼ አወጣው ነበር። ስንት፣ መቼ፣ ከየት እስከ የት። ቁጥሩን ይዤም እከራከራት ነበር። ከጉሮሮዬ መለስኩት።

«የሚሻልሽን አድርጊ፣ እትዬ። ይውረድም ብትይ፣ ይቆይም ብትይ ክርክር የለኝም።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ከስልኩ ጀርባ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይሰማል። ቆሞ ነው፤ እሷ ውስጡ ተቀምጣለች።

«ቤንዚን አታቃጥይ፣ አጥፊው» አልኳት።

«ቆይ እስቲ» አለች።

ከማሉዲን የሞተር ማንሻ ሰንሰለቱን ለማክሰኞ አዘጋጅቷል። ይውረድ ወይስ ይቆይ፣ እሷ የምትነግረን ሰኞ፣ የካቲት 16፣ ከኪዳነ ምሕረት መልስ ነው።